ከሪማ የወለወለችው ዘንግ

ከሪማ በሺር የደበዘዘ ብረት ካየች እጇን ያሳክካታል። አንድ ቀን ለለቅሶ ከሄደችበት ቤት ተቀምጣ የበሩን መቀርቀሪያ በሻሿ ጫፍ ስትፈትግ ተይዛ፣ አልቃሾቹ ሳይቀሩ ሳቅ አምልጧቸዋል። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንዴ አግብታ ፈታለች፤ ልጅ የላትም። ያላት አባቷና እጇ ነው።

እጇንም የሰጣት አባቷ ነው። በሺር በኩታበር ማጭድ፣ ቢላዋና ማረሻ ሲቀጠቅጥ የኖረ ባለ እጅ ነበር። ገበሬው ማጭዱን ደስ ብሎት ይወስድና፣ ዞር ሲል «ዐይናቸው ሰው ይበላል» እያለ ልጆቹን ከበሺር ደጅ ያርቃል። ማጭዱ አይጠላም፤ የሚጠላው ባለ ማጭዱ ነው። በሺር ለዚህ ሁሉ ሐሜት በቃል መልስ ሰጥቶ አያውቅም። በቤቱ ግን አንዲት ሕግ ነበረች፤ የገዢው ጢም አንድ በአንድ ሳይታይበት ብረት ከእጅ አይወጣም። «የሚያበራ ነገር ሠርቶ የሰጠህን ሰው ቡዳ ነው ለማለት ትንሽ ያሳፍራል» ይል ነበር። ከሪማ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በአመድና በደቃቅ አሸዋ ብረት ስትወለውል አደገች።

አብዮቱ መጣና የተናቀው ባለ እጅ «ጭቁን» ተባለ። ደርግ በወሎ ላይ ያወረደውን መከራ ለመቁጠር ሌላ ቀን ያስፈልጋል፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን ለበሺር ቤት አድርጓል። ቆላ ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲከፈት፣ የባለ እጅ ልጅ መሆን ማመልከቻ ላይ የሚጻፍ ማዕረግ ሆነ። ከሪማ በጥገና ክፍል ተቀጠረች። ብረት እያዞረ በሚቀርጸው ቶርኖ ማሽን ላይ የቆመች ብቸኛ ሴት እሷ ነበረች። የአባቷን ዐይኖች የምድጃው እሳት ዓመት በዓመት እየበላ ጨርሷቸው ስለነበር፣ ከኩታበር አምጥታው በተከራየቻት አንዲት ክፍል አብረው መኖር ጀመሩ። ውሃ የምታቀብለው እሷ፣ እጁን ይዛ መስጊድ የምታደርሰው እሷ፣ ወሬ የምታመጣለትም እሷ ሆነች።

ሥራ ያስተማራት ጋሽ ማረው ነው፤ የፋብሪካው ዋና መካኒክ። ቁጥብ ሰው ነው። ስትሳሳት አይቆጣም፤ የብሎን ቁልፉን ከእጇ ወስዶ ራሱ ያሳያትና ቁልፉን መልሶ ይሰጣታል። ወንዶቹ «ሴት ቶርኖ ላይ!» እያሉ ሲያሾፉ፣ እሱ አንዱን ሥራዋን አንሥቶ ከነሱ ሥራ ጎን ያስቀምጥና ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማሾፉ ቀርቷል።

የማንጫ ክፍል የሚባለው ከሽመና የወጣው ጨርቅ የሚነጣበት ነው። ፈሳሹ ክፉ ነው፤ ተራውን ብረት በሳምንታት ውስጥ ወንፊት ያደርገዋል። ስለዚህ ፈሳሹን የሚገፉት ሁለት ፓምፖች ውስጣቸው ከቲታኒየም ነው የተሠራው። ቲታኒየም ቀላል፣ ጠንካራ፣ ዝገት የማያውቀው ብረት ነው። በእያንዳንዱ ፓምፕ መሃል ክንድ የሚያህል ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ባለ ክንፍ መዘውር ተጨምቆ ይገባል። መዘውሩ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ዘንጉ አራት ጣት የሚሆን ስፋት ያለው ግራጫና ሻካራ ነገር ዙሪያውን ለብሷል። ፓምፖቹን የተከሉት ፈረንጆች ስለዚህ ግራጫ ነገር ለተራው ሠራተኛ ሳይናገሩ አገራቸው ገቡ። ተናግረውም ከሆነ በመጽሐፋቸው ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ በጀርመንኛ ተጽፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ፣ በዓመታዊው ጥገና፣ አንደኛው ፓምፕ ተፈታ። ጓድ ገብሬ የፋብሪካው የፓርቲ ጸሐፊ ነበር። ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ሪፐብሊኩ በመስከረም ሊታወጅ መሆኑን፣ ከደሴ እንግዶች እንደሚመጡ ተናገረና፣ «በዚህ ፋብሪካ ውስጥ የማያበራ ብረት እንዳላይ!» አለ። ሌላው ሠራተኛ ሆዱ ውስጥ አጉረመረመ። ለከሪማ ግን ይህ ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ ነበር።

ጋሽ ማረው ያን ሰሞን ለፖለቲካ ሴሚናር ደሴ ሄዷል። ከሪማ ዘንጉን ቶርኖው ላይ አሰረችው። ግራጫው ነገር ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት፣ ፈሳሹ የተወው ደለል መሰላት። በብርጭቆ ወረቀት ያዘችው። አልለቅ አላት። ወረቀቱ አለቀ፤ ሌላ አመጣች። አሥራ አንድ ወረቀት በላ። ቆሻሻ እንዲህ አይጠነክርም ብላ መጠርጠር ነበረባት፤ እሷን ግን እልህ ያዛት። ከሰዓት በኋላ ግራጫው ሁሉ ዱቄት ሆኖ ረገፈና ፊቷ ዘንጉ ላይ ታየ። ሌላ ጊዜ በመዶሻ እየተለመነ የሚገባው መዘውር አሁን በእጅ ግፊት ሰተት ብሎ ገባላት። «ማሻአላህ!» አለች። ሁለተኛው ፓምፕ እየሠራ ስለነበር ማንም አልነካውም።

እንግዶቹ መጡ፤ አዩ፤ አጨበጨቡ፤ ሄዱ። አንደኛው ፓምፕ መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን ሠራ። ጥር አጋማሽ ላይ፣ ለጦር ሜዳ የሚላክ ጨርቅ በማንጫው ውስጥ እያለ፣ ዘንጉ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ፈሳሹ ወለሉን ሞላው። የአንድ ሠራተኛ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተላጠ፤ ጨርቁ ተበላሸ፤ ክፍሉ ለሦስት ቀን ቆመ።

ፓምፑ ሲፈታ ከመዘውሩ ሥር ጥቁር፣ የላመ ዱቄት ተገኘ። ጓድ ገብሬ ዱቄቱን በጣቱ ጠርጎ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ጨመረው።

«ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሠራተኞቹ «አናውቅም» አሉ። ጋሽ ማረው ቀፎውን አየ፤ ከዚያ ወለሉን አየ።

«የማታውቁ ከሆነ እኔ ልንገራችሁ። ይህ አሻጥር ነው!» አለ ጓድ ገብሬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ የክብሪት ቀፎ የጓድ ገብሬ ታቦት ሆነች፤ በየስብሰባው ትወጣለች፣ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ዱቄቱን ማን ጨመረው? የፓምፑን ክፍል ቁልፍ የያዘው ማረው ነው። ማረው ደግሞ ደሴ በሴሚናሩ ላይ «ማሽን ግራሶ እንጂ መፈክር አይበላም» ብሏል ተባለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ሁለት ሰዎች መጡና ከነቱታው ወሰዱት። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ታሳሪዎች በሚቆዩበት አንድ ግቢ አስገቡት።

የማረው ሚስት ትርፌ ስንቅ ለማድረስ በየቀኑ ፋብሪካው በር ላይ ታልፋለች። አንድ ቀን ከሪማን ከሥራ ስትወጣ ጠብቃ ክንዷን ያዘቻት።

«ከሪማ፣ አንቺ አብረሽው ነው የምትውዪ። ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ጠላቱ ማን ነው?»

«ኧረ ጠላት የላቸውም፣ እትዬ። አላህ ያውጣቸው» አለች ከሪማ። ከልቧ ነበር ያለችው፤ ያን ጊዜ ገና አላወቀችም።

ያወቀችው በማግስቱ ነው። የተሰበረው ዘንግ ጥገና ክፍል ውስጥ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ እንደታሰረ ነበር። በሥራ መሃል ጠጋ ብላ ስብራቱን በጥፍሯ ዳሰሰችው። አባቷ ዐይኑ ሳይጠፋ ያስተማራት ነገር አለ፤ በአንድ ምት የተሰበረ ብረት ፊቱ በሙሉ እንደ ጨው ፍንክት ሻካራ ነው። እየዋለ እያደረ የተሰበረ ግን የሸሸ ውሃ ወንዝ ዳር እንደሚተወው ዓይነት መስመር በመስመር ይሆናል። የዚህ ዘንግ ፊት ሁለት ሦስተኛው መስመር ነበር። መስመሮቹ ሁሉ ደግሞ ከአንዲት ጥቁር ነጥብ ነበር የሚነሡት፤ ነጥቧም እሷ ከወለወለችበት ቦታ ላይ ነበረች። ለሠራተኛ ከሚታደለው ሳሙናዋ ግማሹን ቆርሳ ስብራቱ ላይ አጥብቃ ተጫነችውና ቅርጹን አትማ ኪሷ ከተተችው። በር ላይ ፈታሹ ሳሙናውን አይቶ አሳለፋት።

ማታ ቤት ውስጥ በሺር ሳሙናውን በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ዳበሰው።

«ይሄ ከርሟል» አለ። «ያንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ሰው መጥቶ የሰበረውም አይደለም። መነሻው እዚህ ጋ ነው። እዚህ ጋ ምን ነበረበት?»

«ግራጫ ነገር ነበረበት፣ አባየ።»

«አሁንስ?»

«ወለወልኩት።»

በሺር ሳሙናውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና እጁን ከላዩ አነሣ።

በማግስቱ ግራሶ ለመለወጥ ብላ አስፈቅዳ ሁለተኛውን ፓምፕ ፈታችው። ግራጫው ነገር እንዳለ ነበር፤ ከመዘውሩ ሥር አንዲት ጥቁር ብናኝ አልነበረም። ቁም ሣጥኑን ከፍታ የጀርመኖቹን መጽሐፍ ገለጠች። ፊደሉን አታውቅም። ሥዕሉን ግን ማንም ያውቀዋል፤ ዘንግ ተስሏል፤ በግራጫው ቦታ ላይ ሞረድ ተስሏል፤ ሞረዱ ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል ተሰምሯል። ቆማ ብዙ አየችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘንግና መዘውር ሲጨመቁ አንድ አካል የሆኑ ይመስላሉ። ግን ፓምፑ በዞረ ቁጥር ፀጉር በማያክል ልክ ይንቀጠቀጣሉ፤ ይፋተጋሉ። ቲታኒየም ዝገትን ይቻል እንጂ ገላ ለገላ መፋተግን አይችልም፤ ይነካከሳል፣ ይላጣል፣ ልጣጩ ጥቁር ዱቄት ይሆናል፤ በተላጠው ሥር ደግሞ ዐይን የማያያት ስንጥቅ ትከፈታለች። ስንጥቋ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ እየሄደች አንድ ቀን መሃል ትደርሳለች። ያ ግራጫ ነገር ሴራሚክ ነበር፤ እንደ ስኒ ያለ፣ ከወረቀት የሳሳ ልባስ፤ ሁለቱን ብረቶች ለማገላገል መሃል የገባ። ከሪማ ገላጋዩን ነበር በአሥራ አንድ ወረቀት ያባረረችው።

ማረውን ነጻ የሚያወጣ ማስረጃ እጇ ውስጥ ገባ። ማስረጃው ራሷ ነበረች። የክብሪት ቀፎው ዱቄት ከሰው እጅ አልመጣም ለማለት፣ ከኔ እጅ ነው የመጣ ማለት አለባት። ያን ዘመን ደግሞ በስህተትና በአሻጥር መሃል ያለውን ልዩነት ቁጭ ብሎ የሚመዝን ሰው አልነበረም። ፈራች። መፍራቷ አሳፈራት፤ ማፈሯ ግን ፍርሃቱን አላባረረላትም። ሰው «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ የሷ ዝምታ ግን ሆዷ ውስጥ ይነቅዝ ጀመር። ትርፌን ከሩቅ ስታይ በሽንት ቤቶቹ በኩል ዞራ ትገባለች።

ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው።

«ሂጂ ተናገሪ አልልሽም» አላት፤ «ዝም በይም አልልሽም። ያብራ ያልኩ እኔ ነኝ፤ ሕጉ የኔ ነው። ግን አንቺ ብትታሰሪ ማን ውሃ ያቀብለኛል ብየ ፈርቻለሁ። ወላሂ፣ ከሪሜ፣ ፈርቻለሁ።»

ይህን ከሰማች በኋላ ሌላ አምስት ቀን ዝም አለች። በስድስተኛው ቀን እግሩ የተላጠው ሠራተኛ በዱላ እየተደገፈ ወደ ሥራ ሲመለስ አየች። መጽሐፉንና ሳሙናውን ይዛ ጓድ ገብሬ ቢሮ ገባች።

ሁሉንም ተናገረች። ጓድ ገብሬ እንደ አዲስ ነገር አልተገረመም። ሥዕሉን አየ፤ ቀዩን መስቀል አየ።

«ማነው ወልውዪ ያለሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጓድ። የማያበራ ብረት እንዳላይ ብለው ነበር።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ ከሪማ ከቁጣው ይልቅ ይህን ልስላሴ ፈራችው።

«አንቺ ጭቁን ነሽ፤ አብዮቱ ያነሣሽ ልጅ ነሽ። የሥራ አለቃሽ ማነው? ማረው ነው። ወልውዪ ያለሽ ማረው ነው ብለሽ ጻፊ። አንቺ ታዘዝሽ እንጂ ምን አጠፋሽ?»

«ጋሽ ማረው ያን ጊዜ ደሴ ነበሩ።»

«ከመሄዱ በፊት ነገረኝ በይ።»

«አልነገሩኝም፣ ጓድ። እንዴት አድርጌ በሰው ላይ እዋሻለሁ?»

ጓድ ገብሬ ወረቀት አወጣ፤ የምትጽፍበት ነበር የመሰላት። የመግቢያ ፈቃድ ነበር። «ሂጂና ራሱን ጠይቂው» ብሎ ማኅተሙን መታበት። ፈገግ ማለቱን ከሪማ ልብ ብላ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። ጠባቂው ራቅ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። ማረው በሦስት ሳምንት ውስጥ ጢሙ ሸብቷል። ከሪማ ገና ከመቀመጧ ማልቀስ ጀመረች።

«አብሽሪ» አላት። «ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ማረው። ዘንጉን እኔ ነኝ የወለወልኩት። ዛሬ ተናገርኩ።»

«ከደሴ የተመለስኩ ዕለት ነው ያወቅሁት። ቶርኖው ሥር ግራጫ ዱቄት አየሁ፤ ያለቁትን ወረቀቶች አየሁ። ልባሱ ምን እንደሚሠራ ፈረንጆቹ ሲተክሉት ተነግሮኝ ነበር፤ ለእናንተ መንገሩን ዛሬ ነገ ስል ረሳሁት።»

ከሪማ ቀና ብላ አየችው።

«ታዲያ ፓምፑን ለምን አላስፈቱትም?»

«የሪፐብሊኩ በዓል ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዘንጉ ተበላሽቷል ብል ማን አበላሸው ይሉ ነበር፤ አንቺን ሊበሉሽ። ከበዓሉ በኋላ አልኩ። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ እየሠራ ነው አልኩ። አዲስ ዘንግ ከውጭ ለማስመጣት ምክንያት መጻፍ ነበረብኝ፤ ምክንያቱን መጻፍ አልደፈርኩም። በየጠዋቱ እሄድና ድምፁን አዳምጣለሁ። አራት ወር ሙሉ አዳመጥኩት። ያ ልጅ እግሩ የተላጠው በኔ ዝምታ ነው።»

«እኔ እውነቱን እናገራለሁ፤ ለሁሉም እናገራለሁ፤ እርስዎ ይወጣሉ—»

«ከሪሜ፣ ፈርሜያለሁ።»

«ምኑን?»

«ከትናንት ወዲያ። ወልውዪ ብየ ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ በስህተት ነው እንጂ በተንኮል አይደለም ብየ ፈረምኩ። ገብሬ ራሱ ነው ወረቀቱን ያመጣው። ለሱም ለኔም የሚበጅ ቃል ነው። አሻጥር የሚለው ይቀርና ሦስት ዓመት ነው የሚሆነው፣ ደሴ። አሻጥር ቢባልማ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። አሁን አንቺ ሌላ ቃል ብትሰጪ አንዳቸው ዋሽተዋል ይሉና አሻጥሩን ይመልሱታል፤ ያውም ለሁለታችን። አባትሽን ማን ይጦራል?»

ከሪማ እውነቱን ብትናገር ማረውን ታጠፋዋለች፤ ዝም ብትል ማረው በሷ ፈንታ ይታሰራል። በየትም ዞራ መውጫ አልነበራትም። ጠባቂው ተነሥቶ ቂጡን አራገፈ፤ ጊዜው ማለቁ ነበር።

«ለትርፌ አልነገርኳትም» አላት ማረው ሲነሣ። «እሷ አትችለውም።»

ትርፌ ከግቢው በር ውጭ ግንብ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ባዶውን የስንቅ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ሚስቱ ሆና እሷን አላስገቧትም፤ የሥራ ባልደረባው ስትገባ ግን አይታለች። ሮጣ መጣች።

«አየሽው? ከስቷል? ምን አለሽ?»

ከሪማ ደህና ናቸው ልትል ነበር። አፏ ላይ ነበረ። የትርፌን ዐይን አየችና አልሆነላትም።

«እትዬ ትርፌ፣ የጠየቁኝ ሰው እኔ ነኝ። ጠላታቸው እኔ ነኝ። ሳላውቅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አውቀው በኔ ፈንታ ፈርመዋል። ሦስት ዓመት ነው አሉኝ።»

እዚያው መንገድ ዳር፣ ጭነት መኪናዎቹ እያለፉ፣ የቀረውንም ሁሉ ነገረቻት። ስትጨርስ ዱላም፣ እርግማንም፣ ጩኸትም ጠበቀች። ትርፌ ግን በሩን አየች፤ ተመልሳ ከሪማን አየች።

«ፈርሟል?» አለች በመጨረሻ።

«ፈርመዋል።»

«እንግዲህ እሱ የፈረመውን እኔ አላፈርሰውም። አንቺን ግን ይቅር አልልሽም፤ ዛሬ አልችልም። ነገም እንጃ።»

«አይበሉኝ፣ እትዬ።»

ትርፌ የተቋጠረውን ሳህን ከሪማ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ደሴ ከወሰዱት እኔ በየሳምንቱ አልችልም፤ ልጆች አሉኝ። አንዱን ሳምንት እኔ፣ አንዱን ሳምንት አንቺ። ጾሙ ሲፈታም ሥጋ እንዳታደርጊ፤ የናንተን እርድ አይበላም። ሽሮ አድርጊለት። በርበሬውን አታብዢበት፣ ጨጓራውን ያመዋል።»